አዲሱ የመስታወት ላስቲክ

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ዛሬ ተናድጄ ነው የምጽፈው። ትናንት ለሚኒባሴ መስታወቶች ጥቁር ላስቲክ አስለጠፍሁ። ለጣፊው «ሙጫው እስኪደርቅ አምስት ቀን እንዳይከፈት» አለኝ። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ በማታ ትምህርት ፊደል የቆጠርሁት ለጨዋታ አይደለም፤ «መስኮት መክፈት ክልክል ነው» ብዬ በየመስኮቱ ጻፍሁበት። እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ ከሸሕዲ እስከ መተማ ዮሐንስ ቢፈለግ አይገኝም።

ዛሬ ከሸሕዲ ሰሊጥ አጫጆች ጫንን። ሙቀቱ ሲብስ አንድ ከጎጃም የመጣ ጎልማሳ መስታወቱን ሳብ አደረገው። አዲሱ ላስቲክ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተጨማደደ።

«አንተ ሰውዬ፣ የተጻፈው አይታይህም?» ብዬ ጮህሁበት።

«ማንበብ አልችልም ጌታው» አለኝ። «የመድኃኔዓለም ስም መስሎኝ ስገባም ተሳልሜው ነው የተቀመጥሁ።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ሰውዬውም አብሮ ሳቀ። ሁልጊዜ ሰው የማስቀው እኔ ነኝ፤ ዛሬ ግን ጥርሴን ነክሼ መሪዬን ያዝሁ። ላስቲኩ ተበላሽቷል፣ እሱስ እንደገና ይለጠፋል።

አምና፣ የማታ ትምህርቱን ሳልጀምር፣ ትራፊክ የሰጠኝን ወረቀት ገልብጬ ይዤ «አንብቤዋለሁ» ብያለሁ። በሃምሳ ዓመቴ፣ ሰው እንዳይስቅብኝ። ይኼ አጫጅ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልችልም አለና አረፈው። እስካሁን የሚያበግነኝ እሱ ነው።