የአበልጄ ኮርቻ

ኅዳር 11 ቀን 1955፣ ቆሰበር
ሁለት ኮርቻ ጨረስኩ። የአበልጄ የአስማረ ቀርቷል፣ ከፈረሱ ሆድ የሚታሰርበት ጠፍር አርጅቷል... ነገ ዳንግላ ፍርድ ቤት ነኝ። አዝመራው «የሱቁ ቦታ የአባቴ ርስት ነው» ብሎ ከሶኛል። ሟች አባቱ ሲሸጡልኝ አስማረ ቆሞ አይቷል። «ሌላ ምስክርም ጥራ» ትለኛለች ካሳነሽ። ለምን? ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት አበልጄ አይደል? ሚስቴ ነገር ታበዛለች።

ኅዳር 12
ተፈረደብኝ። አስማረ መስቀል ይዞ ማለ። «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። ሱቁን እስከ መጋቢት ልቀቅ ተባልኩ። ይግባኝ በል ይሉኛል። በማን ምስክር?

ኅዳር 15
አዝመራው በሬ ሰጥቶታል አሉ። በአንድ በሬ ሸጠኝ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ... ካሳነሽ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ አለች፤ እምቢ አልኩ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለችኝ። እሱማ እውነቷን ነው። ለዚህ ነው የቀረሁት።

ታኅሣሥ 20
አያፍርም፣ ኮርቻውን በሚስቱ በእታለማሁ አስወሰደ። «አበልጄ፣ አይቀየሙን» አለች መሬት መሬት እያየች። «በጥምቀት ይጋልብበት» አልኳት። አዲሱን ጠፍር ከስፌቱ ሥር ግማሹን በቢላ ቆርጬዋለሁ። ሰም ቀብቼዋለሁ፣ አይታይም። ለጉግስ ሲጋልብ ይበጠሳል። በሕዝብ ፊት አፈር ይብላ፣ እንደኔ ይዋረድ። ዛሬ እህል ጣፈጠኝ።

ጥር 4
ካሳነሽ ከወንዝ እየሮጠች መጣች። በሐሰት ስለማለ አስማረን የንስሐ አባቱ ገዝተውታል። በሬውን መልሷል። «ዳንግላ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ፣ ለአበልጄ ንገሪው» ብሏት በፈረስ አልፏል። ደስ ብሏት ታለቅሳለች። በየትኛው ኮርቻ? አልኳት። «ስንት ኮርቻ አለውና» ብላ ሳቀችብኝ።

የጎረቤት በቅሎ ለምኜ ተከተልኩ። አዲስ ቅዳም ሳልደርስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ፈረሱ ያለ ኮርቻ ብቻውን ቆሟል... አልደረስኩለትም።

ጥር 5
ቀበርነው። አበልጁ ነው ብለው ቃሬዛውን ከፊት አሸከሙኝ። እታለማሁ እግሬ ላይ ወደቀች። «ይቅር ይበሉት» አለች። ይቅር ብያለሁ አልኩ። እኔንስ ማን ይበለኝ?

የካቲት 18
ካሳነሽ ገፋፍታኝ ያስገባሁትን ይግባኝ ደብረ ማርቆስ ሰሙልኝ። «እውነቱን ሊናገር የተነሳ ምስክር ነበረኝ ብለሃል። የታለ?» አሉ ዳኛው።
ሞተ አልኩ።
«ምን ሆኖ?»
ከፈረስ ወድቆ አልኩ። ፍርዱ ጸና።
ቤት ስገባ ካሳነሽ «ምን ይደረጋል፣ የእግዜር ሥራ ነው» አለችኝ።