የእማዬ አቋቋም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ዲላ

ዛሬ የሳልኩትን ደግሜ ማየት አቃተኝ።

የኮሚክሴን ጀግና ስትሮጥ፣ ስትዘል፣ ኢዲዶ መንደር ባሉት የቡና ማስጫ አልጋዎች ላይ ስትበር ስያታለሁ። የቀረኝ ዱላ ሲያርፍባት ነበር። ስልኬ ላይ የማየው የሥዕል አስተማሪ «ሰው አቁማችሁ ሳሉ» ስለሚል፣ ልብስ ስታሰጣ የነበረችውን እማዬን ለመንኳት።

«ዱላ እንደመጣበት ሰው ሁኚልኝ።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። ግድግዳው ጥግ ገብታ ጎንበስ አለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ ቆለፈች።

«ጭንቅላትሽን ሸፍኚ እንጂ፤ ሰው የሚከላከለው ጭንቅላቱን ነው» አልኳት።

«እርጉዝ ከሆነችስ?» አለች ከጥጉ ሳትወጣ።

እርሳሴ ቆመ። እማዬ ያረገዘችው አንዴ ብቻ ነው፤ እኔን። ያኔም ዛሬም እቤታችን ያለው ወንድ አባዬ ነው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ከቤተ ክርስቲያን አስታርቅ ተብሎ የሚጠራው፣ እኔ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው አባዬ። መጠየቅ ፈራሁ፤ እጇን ሆዷ ላይ እንደቆለፈች ሳልኳት።

አባዬ ከሥራ ሲገባ ሥዕሉን ብድግ አደረገው። እንደ ሁልጊዜው «ጎበዝ» እስኪለኝ ጠበቅሁ። ብዙ አየው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋውና፣ እማዬን ሳያያት እጁን ሊታጠብ ወጣ።