የሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ

ኅዳር 6 ቀን 1974

ብርድ። የጭላሎ ተራራ ቀኑን ሙሉ ጉም ለብሶ ዋለ። ጠዋት የገብስ ናሙና፣ ከሰዓትም የገብስ ናሙና። ካስቀመጥኩት መቶ ፍሬ ዘጠና አንዱ በቀለ። ዘጠኙ ምን ነክቷቸው ይሆን?

ወደ ማታ ኃላፊው አስጠሩኝ። ያጠፋሁ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ገባሁ። «ተሻለች፣ ለዘር ምርመራ ሥልጠና ስዊድን ትሄጃለሽ። ስድስት ሳምንት ነው።» እሺ ብዬ ወጣሁ። ስዊድን የት እንደሆነች ያሰብኩት ኮሪደሩ ላይ ነው።

ኅዳር 9

ዋስ አምጪ ተባልኩ። ለመመለሴ የሚፈርም የመንግሥት ሠራተኛ። ቢሮውን ሁሉ ዞርኩት። አንዱ ጥርሱን አመመው፣ አንዷ ባሏን እስክትጠይቅ ቆዪኝ አለች። ሁሉም ደጎች ናቸው... ብዕር እስኪያዩ ድረስ።

የተክለወልድ ነገር ነው ያስፈራቸው። የኛው ላቦራቶሪ ልጅ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት እንደኔው ተልኮ፣ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ሲቀይር ቀረ። «አውሮፕላን አመለጠኝ» የሚል ቴሌግራም መጣ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ማን ይመነው? ዋሱ የመዝገብ ቤቱ ጋሽ ወልደጻድቅ ነበሩ። ወስደው ሃያ ሰባት ቀን አስቀመጧቸው። ሲመለሱ ጺማቸው ነጭ ሆኖ ነበር።

ዛሬ ወረቀቱን ከእጄ የተቀበሉኝ እኚሁ ሰው ናቸው።

«ጋሽዬ፣ እርስዎ እንኳ ይቅርብዎ።»

«ዝም በይና ብዕሩን አቀብዪኝ።»

ፈረሙ። እኔ አለቀስኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩኝ። «እንደማትከጂ አውቃለሁ። እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ሰላምታ ታበዣለሽ።»

ኅዳር 14

መንገዱን የሚያስረዳ ደብዳቤ መጣ። ፍራንክፈርት ላይ ከተርሚናል ቢ ወደ ተርሚናል ኤ በእግር ይኬዳል። በደህና እርምጃ ሃያ አምስት ደቂቃ። በሁለቱ አውሮፕላኖች መካከል ያለው ጊዜ አንድ ሰዓት ከአሥር ነው፤ ከዚያ ላይ ፍተሻው ሲቀነስ... ካመለጠኝ ማን ያምነኛል? ጋሽዬንስ ለሁለተኛ ጊዜ ማን ይምራቸዋል?

እሳቸው መላ አበጁ። ከመናኸሪያው እስከ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን ልክ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። መናኸሪያው ተርሚናል ቢ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተርሚናል ኤ። ሻንጣውን የባለሱቁ የሙህዲን ሚስት ዙቤዳ አዋሰችኝ። ክብደት እንዲኖረው ገብስ ሞላነው። እሳቸው ሰዓታቸውን ይዘው ኤ ላይ ይጠብቁኛል።

ከመናኸሪያው ተነሳሁ። ጎረቤቴን ውድነሽን አገኘኋት፣ ቆምኩ። የውድነሽን አማት አገኘሁ... አማት እንዴት ይታለፋል? ሙህዲን ስለ ሻንጣው ማንጠልጠያ ሊያስረዳኝ ወጣ። የቀበሌ ጥበቃው «ወዴት ነው በሻንጣ?» ብሎ አስከፈተኝ። ገብስ ሲያይ ይበልጥ ተጠራጠረ።

አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ጋሽዬ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ኅዳር 15

እግሬን አመመኝ። ሰላም ሲሉኝ ዋሉ።

ኅዳር 21

አንገቴን ደፋሁ። መሬት መሬቱን እያየሁ፣ ማንንም ቀና ብዬ ሳላይ። ሠላሳ አንድ ደቂቃ! ጋሽዬ በደስታ ሻንጣውን ራሳቸው ተሸከሙልኝ። እኔን ግን ደስ አላለኝም። ውድነሽ «ተሹ!» ስትለኝ ሰምቼ አልፌያለሁ።

ኅዳር 22

ገና ፊቴን ሳልታጠብ የሰፈራችን እማማ ሸዋዬ ሦስት ሴቶች አስከትለው ከች። ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀዋል።

«ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ? ደብቀሽን ነው?»

ውድነሽ ናት ያወራችው። አንገቷን ደፍታ፣ ሻንጣ ይዛ፣ አቤት ሳትል አለፈችኝ ብላ። ከኋላ የቆመችው ደግሞ «እኔስ ውጭ ልትሄድ ነው ሲሉ ሰምቼ ኮርታ ነው ብዬ...» አለች።

አስቀምጬ ስለ ተርሚናሉ አስረዳኋቸው። እማማ ሸዋዬ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «እና እዚያ ሰው ሰላም አይባልም?» አሉ። ጊዜ የለም አልኳቸው። «አይ አገር!» ነጠላቸውን መልሰው አዙረው ለበሱ። ማታ አሰላ ሙሉ ሰምቷል።

ታኅሣሥ 3

ዛሬ ከተማው ራሱ አሳለፈኝ። ባለጋሪው ጉቱ ፈረሱን ገትሮ «ተሻለች፣ ደፊ! ደፊ! ፍጠኚ! አትቁሚ!» እያለ በኦሮምኛም በአማርኛም አጣደፈኝ። ውድነሽ አማቷን በክንዳቸው ይዛ ጥግ አስያዘቻቸው። ሙህዲን ሱቁ በር ላይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። «ሰላምታሽ እኔ ዘንድ ተቀምጧል! ስትመለሺ ትወስጂያለሽ!» ይህን የሰማ ሁሉ ተቀበለው። ከየበሩ «የኔም ይቀመጥልሽ!» ቄሱ እንኳ መስቀላቸውን ከሩቅ አወዛወዙልኝ።

ሃያ አራት ደቂቃ። እየሳቅኩ ደረስኩ። ጋሽዬ ሰዓቱን ሁለቴ አዩት።

ጥር 5

ሁለተኛው አውሮፕላን ላይ ነኝ።

ፍራንክፈርት። በሰዓቱ ደረስን። ሰሌዳውን እያየሁ ቶሎ ቶሎ ተራመድኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ... አንድ እንኳ ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ልምምዱ ሁሉ ለምን ነበር? ውሻ እንኳ አልጮኸብኝም።

ከዚያ ከኋላዬ «ተሹ?»

ዞር ስል ቢጫ ቱታ የለበሰ፣ የዕቃ ጋሪዎች ደርድሮ የሚገፋ ሰው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ደብተር ይጠፋል። ከፊት ገጽ ላይ ጽፌው የለ እንዴ? እንግዲህ ምን ይደረግ።

ሰላም ብለው አውሮፕላኑ... ባልለውስ? ሁለት ዓመት ሰው ያልሳመው ልጅ። ጋሪዎቹን ትቶ ክንዴን ያዘና ጎትቶ አንድ ወለል ላይ አቆመኝ። ወለሉ ራሱ ይሄዳል! «እዚህ ላይ ሰላም በይኝ» አለኝ። ቆመን ተሳሳምን፣ አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ፣ እናትህ ደህና ናቸው፣ ላሟ ወለደች... እኛ ቆመናል፣ ወለሉ ግን ወደ ኤ ይሄዳል። ሲያልቅ ሌላው ወለል ላይ ወጣን። እኔንም አሳቀኝ፣ እሱንም አሳቀው።

«ጋሽ ወልደጻድቅስ?»

«ለእኔም ፈረሙ።»

ፊቱን አዞረ። ከዚያ የቀረበትን ቀን ነገረኝ። ያኔ አንድ ሽማግሌ፣ የአገር ሰው፣ መንገድ ጠፍቷቸው እዚሁ ቆመው ሲያለቅሱ አገኛቸው። ተርሚናላቸው ድረስ ሸኛቸው። ሮጦ ሲመለስ በሩ ተዘግቷል። «በማግስቱ ልምጣ አልኩ። ከዳ ብለዋል ሲሉኝ ፈራሁ። አንድ ቀን ፈራሁ፣ ከዚያ ሳምንት... ተሹ፣ ሽማግሌ ጥዬ ልሂድ?»

ለአንድ አፍታ አንድ ነገር መጣብኝ። መቅረት ይኸው ነው እንዴ? እዚህ ቆሞ ዝም ማለት ብቻ? ማንም አይከለክለኝም ነበር። ፈራሁ፣ ራሴን። የጋሽዬ ፊርማ፣ ያ ጅራቱ ረዥም «ጻ»፣ ትዝ አለኝ።

ሻንጣዬን ተሸክሞ በሩ ድረስ ሸኘኝ። ከዚያ ወዲያ አያሳልፉትም። «ሽማግሌ ሸኝቼ ነው በያቸው» አለኝ። ሃያ ሁለት ደቂቃ። ከነሰላምታው።

ጥር 19

በረዶ እስከ ጉልበት። እዚህ ከመቶ ፍሬ ዘጠና ስምንት ይበቅላል። ሁለቱ እዚህም ይቀራሉ።

የካቲት 18

አሰላ ገባሁ። ስመለስ ያንን ወለል ሁለቴ ተመላለስኩበት፣ ልጁን ግን አላገኘሁትም።

ከአውቶቡስ ስወርድ ጉቱ «አሁን ቁሚ!» ብሎ ጮኸ። የተቀመጠው ሰላምታ ሁሉ ወጣ። ሙህዲን አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለዙቤዳ አስከፈለኝ። የውድነሽ አማት ጉንጬን አቀሉት። እማማ ሸዋዬ እልል እያሉ ነጠላቸውን በትክክል ለብሰው መጡ። ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ! ጋሽዬ እዚያው ተርሚናል ኤ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ይዘዋል። ሲያዩኝ ድንጋዩ ላይ ጠጋ አሉልኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

የካቲት 19

መዝገብ ቤቱን ዘግተን ነገርኳቸው። ሁሉንም። ፋይሉን ማገላበጥ አላቆሙም፣ ግን የሚያነቡት ነገር አልነበረም።

«ሽማግሌውን አድርሷቸዋል?»

«አድርሷቸዋል፣ ጋሽዬ።»

«ታዲያ ምን ያድርግ!» አሉ ጮክ ብለው። ደነገጥኩ፣ በሩን አየሁ። «ምን ያድርግ ታዲያ!» መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ።

ከዚያ የሰዓት መመዝገቢያዋን ወረቀት ከመሳቢያ አወጡ። ከአንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት፣ ከሠላሳ አንድ፣ ከሃያ አራት በታች የትናንቱን ሦስት ሰዓት ከአሥር ጻፉ። «ተመልሳለች» ብለው ፈረሙ። ከሥሩ ደግሞ የልጁን ስም ጻፉ። ሲመለስ ሰዓቱ የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ተዉትና ወረቀቷን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት።