ሰፊዋ፣ ላልቶ ሲነበብ፦ የእማማ ለምን የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው እናታችን፣ እህታችንና አያታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከሹራብ ሠሪዋ እናታቸው በ1936 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ፣ ካውያ በምትሞቅባት ጠባብ ክፍል ነበር። አባታቸው በዚያ ሰዓት ደንበኛ ስለሚጠብቃቸው የሕፃኗን ቁመት በሜትራቸው ለክተው «ደህና ናት» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ ይባላል። ሕፃኗ አፍ ስትፈታ ጀምሮ ጥያቄ ስላበዛች የቤቱ ሰው «ለምን» የሚል ስም አወጣላት። ስሙ እስከ እርጅና አልለቀቃቸውም፤ «እማማ ለምን» እንደተባሉ ኖሩ።

በሰፈሩ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። አንድ መምህራቸው ለአባታቸው «ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ እኔን ግን ልትገድለኝ ነው» ብለው ነበር። ከትምህርት መልስ ጠርዝ መቀምቀም፣ ገበር መስፋትና የቁልፍ ቀዳዳ መሥራት ለመዱ። ልባቸው ግን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ነበር። እዚያ ላይ ጨርቅ ተዘርግቶ በጠመኔ ይሰመራል፣ በትልቁ መቀስም ይቆረጣል። መቀሱን የሚይዙት ወንዶች ብቻ ነበሩ። «ለምን?» ብለው ሲጠይቁ «እንዲህ ነው የኖርነው» ተባሉ፤ ይህ መልስ አንድም ቀን አላረካቸውም።

በ1957 ዓ.ም. ከጎረቤት ቁልፍ ሠሪ ጋር ትዳር መሠረቱ። ቁልፍ ሠሪው የቁልፍ ቀዳዳ ሠሪዋን አገባ እየተባለ ብዙ ተሳቀ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወልደው፣ ባለቤታቸው በሞት እስኪለዩዋቸው ድረስ በፍቅር ኖሩ። አባታቸው ካረፉ በኋላ ሱቁን ታላቅ ወንድማቸው ሲረከቡ፣ እማማ ለምን እዚያው መስኮቱ ሥር፣ ከስፌት መኪናቸው ጀርባ ቀሩ። ወንድማቸው የቆረጡትን ይሰፉ ነበር። አንዳንዴ በልባቸው «ይሄ እጅጌ ትንሽ ወደፊት ዞር ቢል ይሻል ነበር» ይሉና ዝም ብለው ይገጥሙታል።

ነገሩ የተነሣው የሴት ልጃቸው ልጅ ለአቅመ ሥራ ስትደርስ ነው። ልጅቷ መቁረጥ መማር እንደምትፈልግ ስትናገር ወንድማቸው «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» አሉ። እማማ ለምን ሲሟገቷቸውም «በዘራችን መቀስ የያዘች ሴት የለችም። አለች ካልሽ አሳዪኝ» ብለው ነገሩን ዘጉት። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። እሳቸውን ግን ነገሩ ከነከናቸው፤ ለካ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው እስከዚያን ቀን አልነበረም። በማግሥቱ ነጠላ ጫማቸውን በቆዳ ጫማ ለውጠው ወደ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ቤት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት ቤተሰቡ በደንብ ያስታውሳል፤ ምሳ ላይ የምንሰማው ሁሉ የሞቱ ሰዎች ወሬ ሆነ። አንዱ ቅም አያታችን ካውያውን ለሁለት ልጆቹ በጋራ አውርሶ፣ ማን ቀድሞ እንደሚተኩስበት ሳይናገር ሞቷል። ልጆቹ ከዚያ በኋላ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና እንዳላነሡ የክርስትና መዝገቡ ይመሰክራል። ሌላው በኑዛዜው «ለወንድሜ ሚስት ቃል የገባሁላትን ቀሚስ ጨርሱላት፤ በዚያም ዓለም ትጠይቀኛለች» ብሏል። እማማ ለምን እነዚህን ሲተርኩ ከሰዎቹ ጋር ተጣልተው የታረቁ ይመስሉ ነበር። መቀስ የያዘች ሴት ግን አልተገኘችም።

አንድ ኑዛዜ ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ግልባጩ ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ኖሯል። የጻፈው አናጢ ሲሆን፣ ሴት ልጁ የሱቃችንን መሥራች ያገባችው ቅድመ አያታችን ናት። እንዲህ ይላል፦ «ረጅሙን ጠረጴዛና ትልቁን መቀስ ለሰፊዋ ልጄ ሰጥቻለሁ።» ቤተሰቡ «ሰፊዋ» የሚለውን ቃል ሁልጊዜ አጥብቆ ነው ያነበበው። ቅድመ አያታችን በጣም ወፍራም ሴት ነበረች፣ ጸሐፊው ወፍራም ማለት አፍሮ ሰፊ አላት፣ እየተባለ ይተረካል። «ሰፊ ጠረጴዛ ለሰፊ ልጅ» የወንድማቸው ተወዳጅ ቀልድ ነበር። እማማ ለምንም ራሳቸው ስቀውበታል።

ኋላ የዓይናቸው ብርሃን እየደከመ ሲሄድ መዝገብ ጠባቂው ያነቡላቸው ጀመር። ሰውየው የቤተሰባችንን ቀልድ አያውቁም። አንድ ቀን በመዝገብ ቤቱ የተቀመጠውን ያንኑ ኑዛዜ ሲያነቡ «ለሰፊዋ ልጄ» የሚለውን አላልተው አለፉት። ይህን ጽሑፍ የሚያነብልን ሰውም እዚህ ላይ አደራውን ያላላልን። እማማ ለምን እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። «እስቲ ይድገሙልኝ» አሉ። ሰውየው ደገሙላቸው፤ ልብስ የምትሰፋዋ ልጄ፣ ማለታቸው ነበር።

ወንድማቸው ግን በቀላሉ የሚሸነፉ አልነበሩም። «እሱ አላላው፣ እኛ አጠበቅነው፤ ፊደሉ እንደሆነ አይናገርም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። እማማ ለምን ተመልሰው የጋብቻ መዝገቡን አስገለጡ። እዚያም ስለ መሥራቹ እንዲህ የሚል ተገኘ፦ «ሙሽራው ሙያውን ከሙሽራይቱ ከሰፊዋ ዘንድ ሦስት ዓመት የተማረ።» ያን ቀን ሱቁ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ወደ ተሰቀለው የመሥራቹ ፎቶግራፍ እየጠቆሙ «ወንድም ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የተማረው መወፈር ነው? ከሆነስ ምነው አልገባው?» አሏቸው። ወንድማቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው «ለካ ስንት ዘመን የሰው ስም ስናጠፋ ኖረናል» አሉ። አስከትለውም «ልጅቷ ትምጣ። የእኔን ኮት ለክታ ትቁረጥ» ሲሉ ተሰሙ።

እማማ ለምን በዕድሜያቸው አንድም ጨርቅ ሳይቆርጡ አርፈዋል። ፈቃዱ ሲገኝ ዓይናቸው አልነበረም፤ ይህ እኛን እስከ ዛሬ ያንገበግበናል። ኮቱ ተሰፍቶ ሲያልቅ ግን በጣታቸው ትከሻውን፣ እጅጌውን፣ ኮሌታውን ዳስሰው «ኮሌታው ወደ ግራ ይሸሻል፤ ፍቺው» አሏት። ወንድማቸው «ምንም አይል» ቢሉም እሺ አላሉም። ልጅቷ ፈትታ ደግማ ሠራችው።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ በሰማንያ ዓመታቸው ዐረፉ። ታላቅ ወንድማቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። ወንድማቸው ዛሬ ከፊት ቆመዋል። የለበሱት ጥቁር ኮት ያው ኮት ነው፤ የቆረጠችውም አጠገባቸው ክንዳቸውን ደግፋ የቆመችው ልጅ ናት። ጠጋ ብላችሁ ኮሌታውን እዩት።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከቀደሙት እናቶቻቸው ጎን ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን አይንፈገን።