በጭቃው ጨዋታ ከማን ጋር ነበርክ?

ውድ ዴዊት፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስለማላውቅበት ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። ወረቀቱን መኪናህ መሪ ላይ የለጠፍኩት ማቀዝቀዣው በር ላይ ወይም ትራስህ ላይ ባደርገው እስከ ሳምንት እንደማታየው ስለማውቅ ነው። እዚህ ግን የሬዲዮው ስፖርት ፕሮግራም የሚጀምርበት አሥር ሰዓት ሳይሞላ ታገኘዋለህ። እንግዲህ አዘጋጁ ስኪተር ለሚደውልለት ሰው ሁሉ እንደሚለው፣ መጀመሪያ ሬዲዮህን ቀንስ።

እኔና አንተ ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረናል። ቤት ውስጥ ቃል ከአፍህ የሚወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው። «እራት ደርሷል» ስልህ «እሺ»። ስለ ልጃችን «ጆሊን ከሂዩስተን ደውላ ነበር» ስልህ «ደህና ናት?»፤ «ደህና ናት» ስልህ «እሺ»። በቃ፣ የቀኑ ጨዋታችን ያ ነው። ዝምተኛ ሰው አግብቻለሁ፣ አባቴም ዝምተኛ ነበር፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው ብዬ ተቀብዬው ኖርኩ። ከሥራ መጥተህ ከፔካኑ ዛፍ ሥር መኪናህ ውስጥ እንደተቀመጥክ ስልክህን ስታወጣ ግን ሌላ ሰው ነህ። «የካትለር ሪጁ ዴዊት መስመር ላይ ነው!» ይላል ስኪተር፤ አገር ምድሩ ጆሮውን ያቆማል። ትቀልዳለህ፣ ታስቃለህ፣ ትቆጣለህ፤ ከሞተ ስንት ዘመኑ የሆነ አሰልጣኝ ስታነሳ ድምፅህ ይንቀጠቀጣል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉት ይሄን ነው። እኔ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ቆሜ በመስኮቱ አይሃለሁ፤ ድምፅህን ከመደርደሪያው ሬዲዮ እሰማለሁ። ባሌን የማውቀው ከመላው አላባማ ጋር እኩል፣ በሬዲዮ ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዘንድሮ የኮሌጆቹ ፉትቦል ሊጋችን መቶ ዓመት ሞላውና፣ የጨዋታው ወቅት እስኪጀመር ድረስ ስኪተር «በሊጋችን ታሪክ ታላቁ አሰልጣኝ ማን ነው?» የሚል፣ በአድማጭ ድምፅ የሚለይ ክርክር ከፈተ። ላንተማ ጥያቄም አልነበረም። ባክ ሆላዴይ! የታላሁላን ኮሌጅ ዘጠኝ ጊዜ ለዋንጫ ያበቃ፣ በነሐሴ ሐሩር ልጆቹን ውሃ ከልክሎ የሚያስሮጥ፣ ፎቶው በእናትህ ሳሎን ከጌታ ኢየሱስ ሥዕል ጎን የተሰቀለ ሰውዬ። የብራንቱን የኢመት ስቶቫልን ስም የሚያነሳ ደዋይ ሲመጣ ትስቅበት ነበር። ብራንት ምን አለው? የመምህራን ኮሌጅ፣ ሜዳው ከላም ግጦሽ የማይሻል፣ ዋንጫው ሁለት። «ስቶቫል የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው እንጂ አሰልጣኝ አይደለም» አልክ።

አንድ ሐሙስ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነውን፣ በዝናብ የተካሄደውን የጭቃውን ጨዋታ አነሳህ። ብራንት ታላሁላን ስድስት ለሦስት እየመራ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ኳሱ በራሱ ጥግ ተቀርቅሮበታል። የብራንቱ ኳስ ያዥ ኳሱን አቅፎ ወደ ኋላ፣ ወደ ገዛ ክልሉ ሮጠ፤ እዚያ ወዲያ ወዲህ እያለ ሰዓቱን ፈጀና ከመስመር ወጣ። በሕጉ መሠረት ታላሁላ ሁለት ነጥብ አገኘ፤ ጨዋታው ስድስት ለአምስት አለቀ። «ልጁን አዳልጦት ነው የወጣው!» አልክ ለመላው አላባማ። «ስቶቫል ታላቅ የተባለው ልጅ ስላዳለጠው ነው!»

የያዝኩትን ፎጣ ጣልኩት። ልጁን አላዳለጠውም፣ ዴዊት። ዞሮ ስቶቫልን አየው፣ ስቶቫል ኮፍያውን አወለቀ፣ ልጁ የሮጠው ከዚያ በኋላ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። የቤቱን ስልክ አነሳሁና ደወልኩ። ስም ሲጠይቁኝ የእናቴን ስም ሰጠኋቸው፣ ኢርማ። «ከየት?» ሲሉኝ የእኅቴ የቮንሲል ከተማ አፌ ላይ መጣልኝ፤ «ከቦውደን ሚል» አልኩ።

«እሜቴ ኢርማ፣ ዴዊት እየሰማዎት ነው፤ ይበሉት!» አለ ስኪተር።

«ልጁን አላዳለጠውም» አልኩ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ። «ከዚያ ጥግ ኳሱን በእግሬ ልምታ ቢል ታላሁላዎች ላዩ ላይ ወድቀው ይነጥቁት ነበር። ስቶቫል ሁለት ነጥብ በፈቃዱ ሰጥቶ ጨዋታውን በአንድ ነጥብ ይዞ ወጣ። የእርስዎ ሆላዴይ በሕይወቱ ምንም ነገር ሰጥቶ ያውቃል?»

በመስኮቱ አየሁህ። ከተጋደምክበት ቀና አልክ።

«እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወንድ ልጅ ነጥብ አይሰጥም።»

«ለዚህ ነዋ በአንድ ነጥብ የተሸነፋችሁት!»

ሳቅክ። ከልብህ፣ ራስህን ወደ ኋላ ጥለህ። ያንን ሳቅ ካየሁት ስንት ዘመኔ! አልደብቅህም፣ ልቤ እንደ ልጃገረድ ዘለለ።

ስኪተር ነገሩ ጣመውና ሐሙስ ሐሙስ ያጋጥመን ጀመር። እኔ ስቶቫል ሊጫወት የመጣን ልጅ አንድም ቀን አላባረረም፣ እግሩ የተሰበረውንም እስኪመረቅ አስተምሮታል እላለሁ፤ አንተ «ዋንጫ በርኅራኄ አይገኝም» ትላለህ። እኔ «ስቶቫል የእያንዳንዱን ልጅ ስም፣ የእናቱን ስም ጭምር ያውቅ ነበር፤ ሆላዴይ ልጆቹን በመለያ ቁጥራቸው ነበር የሚጠራው» እላለሁ፤ አንተ «እሜቴ፣ ዘጠኝ ዋንጫ ያለው ሰው ስም ለማስታወስ ጊዜ የለውም!» ትላለህ። አገሩ በሳቅ ይሞታል። እኔም እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ጎበዝ ነህ።

የሚገርመው ቤት ውስጥም አፍህ ተፈታ። ግን ስለ ማን? ስለ ኢርማ።

«አንዲት ሴትዮ አለች፣ ከቦውደን ሚል» አልከኝ እራት ላይ፣ ሳልጠይቅህ። «ስንቱን ወንድ ታስከነዳለች።»

«እንዴት ያለች ናት?»

«ብልህ ናት። ምላሷ ምላጭ ነው። እስቲ የበቆሎ ዳቦውን አቀብይኝ።»

አቀበልኩህ።

በእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወንዶቹ ከበቡህ። ያቺ ኢርማ ማን ናት፣ የማን ሚስት ናት እያሉ ሲነታረኩ እኔ የኮክ ኬኬን ታቅፌ ከጎንህ ቆሜያለሁ። «ባል ያላት አይመስለኝም» አልክ በሙሉ ልብ። «ባል ያላት ሴት በዚያ ሰዓት እራት ነው የምትሠራው።» ሁሉም ሳቁ። ሐሙስ ማታ የበላኸውን እራት የሠራሁት ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ እንደነበር ላሳውቅህ።

ቆይቼ ድምፄን ማወፈሩን ተውኩት። አንድ ሐሙስ በራሴ ድምፅ፣ «እራት ደርሷል» በምልበት ድምፅ አወራሁህ። አላወቅከኝም። በሚቀጥለውም ሐሙስ አላወቅከኝም። ይባስ ብለህ «ምነው ሚስቴ እንደ እርስዎ በሆነች!» አልክ። «ደግ ሴት ናት፣ ግን ስለ ምንም ነገር ሐሳብ የላትም።»

«ኧረ ዴዊት፣ ዛሬ የምታድረው ሶፋ ላይ ነው!» አለ ስኪተር።

«አትሰማም» አልክ። «እሷ ይሄን ፕሮግራም አትከታተልም።»

ያኔ ነበር መሄድ። ግን ቀረሁ፤ ቂል ነኛ! አንድ ቀን በወሬው መሃል ድንገት ዝም ትላለህ፣ ወደ መስኮቱ ቀና ትላለህ፣ «ኔልዳ?» ትላለህ ብዬ ጠበቅኩ። የፈለግኩት ያቺን ብቻ ነው። ብታውቀኝ ሁሉንም ይቅር እልህ ነበር።

የመጨረሻው ሐሙስ ደረሰ። በማግስቱ የአድማጩ ድምፅ ይቆጠራል። ስኪተር «የስንብት ቃላችሁን» አለን። ስለ ስቶቫል የምለውን ብዬ ጨርሻለሁና የራሴን አወጣሁ።

«እኔ ለጋብቻ የተጠየቅኩት በጭቃው ጨዋታ ላይ ነው» አልኩ። «ዝናቡ ሲብስ የመኖ ጆንያ ራሴ ላይ ደፋልኝ። ጨዋታው እንዳለቀ ‹ቀኑ እንደሆነ ተበላሽቷል፤ ለምን አንጋባም?› አለኝ።»

ይህ ያንተ ቃል ነው። አንዲት ፊደል አልጨመርኩበትም። ጆንያውም ያኔ ከምትሠራበት ከመኖ መደብሩ ያመጣኸው ነው፤ ሽታው ሳምንት ሙሉ ከፀጉሬ አልለቀቀም። በመስኮቱ አየሁህ።

«በመኖ ጆንያ!» ብለህ ሳቅክ። «ምን ያለው ባላገር ነው! እሺ አሉት እንዴ እሜቴ?»

«አልኩት።»

«ዕድለኛ ሰው ነው።»

«አንተስ ዴዊት?» አለ ስኪተር። «እዚያ ነበርክ?»

«ነበርኩ እንጂ! በሰሜን በኩል፣ ከማርሽ ባንዱ በላይ። ነፋሱ ከግራ ነበር የሚነፍሰው። የሆላዴይ ካፖርት እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። ሦስተኛው ሙከራ ላይ የእኛ ግዙፉ ልጅ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀርቶበት በካልሲ ሲሮጥ...» ምኑን ልንገርህ፣ ሁሉን አስታወስክ። የዳኛው ፊሽካ ውሃ ገብቶበት እንዴት እንደጮኸ ሳይቀር በአፍህ አሰማኸን።

«ከማን ጋር ነበሩ?» አልኩህ።

ስታስብ እንደምታደርገው መሪውን በጣትህ መታ መታ አደረግክ።

«ብቻዬን» አልክ። «ብቻዬን ነበርኩ መሰለኝ። አዎ፣ ብቻዬን።»

ስልኩን ዘጋሁ። ስኪተር «እሜቴ ኢርማ መስመሩ ተቋረጠባቸው» ሲል ሰማሁ። ማታ እራት ላይ፣ ይህም ሞኝነት ነው፣ አንድ የመጨረሻ ዕድል ሰጠሁህ። «የጭቃው ጨዋታ ላይ እኔም ነበርኩ እኮ» አልኩህ።

«አንቺማ ፉትቦል አትወጂም» አልክና ባቄላውን ጨለፍክ።

አልጠላህም ብል ውሸት ነው። ይህን ስጽፍ እጠላሃለሁ። ሰው ይረሳል፣ እኔም መነጽሬ የት እንዳለ እረሳለሁ፤ ረሳህ ብዬ አልቀየምህም ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላውን ሁሉ አለመርሳትህ ነው። የአንድ የማታውቀው ልጅ ካልሲ ሠላሳ ዓመት በልብህ ቦታ ሲያገኝ፣ ከጎንህ ብርድ ሲያንቀጠቅጣት ለነበረችው ልጅ ቦታ ጠፋ። ስለ ምንም ነገር ሐሳብ የላትም አልክ። ነበረኝ፤ ጠይቀኸኝ አታውቅም እንጂ።

ሆላዴይ ተመረጠ፤ እንኳን ደስ አለህ። ባይመረጥ ነበር የሚገርመኝ።

እኔ ቮንሲል ዘንድ ሄጃለሁ። ኢርማ ከቦውደን ሚል ናት ያልኩት እውነት ሆነ እንግዲህ። ቤቱን ትቼልሃለሁ፣ የፔካኑን ዛፍም፤ ወንድ ልጅ ነጥብ አይሰጥም ብለሃልና እኔ ልስጥ። የወሰድኩት የመደርደሪያዋን ሬዲዮ ነው። ባቄላው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀው። ለጆሊን እኔው ነግሬያታለሁ፤ ብትደውልልህ «እሺ» ብለህ አትዝጋባት፣ እባክህ አናግራት።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ስለ ስቶቫል ገና አልጨረስኩም፣ ምርጫ አለቀ ብዬ አፌን አልይዝም። ስኪተር «ማን ልበል?» ሲለኝ ግን የእናቴን ስም አልሰጠውም።

ደህና ሁን ዴዊት። በጭቃው ጨዋታ ብቻህን አልነበርክም። ብቻህን የሆንከው አሁን ነው።

ኔልዳ