የወንድማማቾቹ ፕሮቲኖች ጉዳይ

ሮቤ፣ ሐሙስ፣ ጥር 14 ቀን 2007

አንተ ደብተሬን ሰርቀህ የምታነበው፣ መጀመሪያ ቁጭ በልና ፍረድ!

ዛሬ አዴ ዘይነባ ሻይ ቤት እንደ ልማዴ ስለ ሴል እያወራሁ ነበር። ጂን፣ የዘር ውርስ መመሪያውን ማለቴ ነው፣ የሚያበሩና የሚያጠፉ ፕሮቲኖች አሉ። አንድ ቤተሰብ ሆነው አንዱ የደም ሴል ውስጥ፣ ሌላው የልብ ሴል ውስጥ ይሠራል። "እያንዳንዱ ዲኤንኤ ላይ የሚያነበው የራሱ ፊደል ስላለው ነው" አልኩ። ጎባ ባዮሎጂ የሚያስተምረው መምህር ዳዊት ሰው ሁሉ እየሰማ አቋረጠኝ።

"ተሳስተሃል ከማል። የሚያነቡት ፊደል አንድ ነው ማለት ይቻላል። የሚለያቸው አብሯቸው የሚሠራው ፕሮቲንና እዚያ ሴል ውስጥ ለመነበብ ክፍት የሆነው የዲኤንኤ ቦታ ነው።"

ሰዉ በሳቅ ሞተ። አዴ ዘይነባ ራሳቸው "ያ ከማል፣ ዛሬስ የሚችልህ መጣ!" አሉኝ።

እሺ፣ ተሳስቻለሁ፤ ዋጥኩት። ግን ጠየቅኩት። "ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ሴል ውስጥ ሲገናኙስ? ፊደሉም አንድ፣ ክፍቱም ቦታ አንድ። ታዲያ አንዱ ይሄን ጂን፣ ሌላው ያንን የሚያበራው ለምንድነው?"

"እሱ ውስብስብ ነው፣ አይገባህም" ብሎኝ የጎባ ሚኒባስ ውስጥ ገባ!

ውስብስብ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ! ስሳሳት በሰው ፊት አረመኝ፤ ስጠይቀው በመኪና አመለጠኝ። ከሰዓት ጫማ ሊገዛ ሱቄ የገባ ሁሉ "ፊደሉን ለየኸው ወይ?" እያለ ሲስቅብኝ ዋለ። ከእንግዲህ ስናገር ማን ይሰማኛል?

መምህር ዳዊት፣ እዚያው ሻይ ቤት፣ እነዚያው ሰዎች ፊት መልስልኝ። መልስህ "አላውቅም" ከሆነም ጮክ ብለህ በለው!