የወረቀት ፍች

ጥቅምት 9 ቀን 1975
ደሴ ዛሬም ጉም ለብሳ ዋለች። ሽንኩርት ገዛሁ፤ ደረቅ እንጨት አጣሁ። ሀምዱ ኮምቦልቻ ነው፣ ሳምንቱ የጣውንቴ የሰብሪያ ነው። በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ይሆን? አብሮኝ የሚያማ ሰው ሳጣ ደብተር ላይ ላማ!

ቀበሌ ቤት እንደገና እየመዘገበ ነው። ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ፈንታሁን መዝገቡን አዞረልኝ። ስሜን ፈለግሁ... ሀምዱ አለ። እኔ የለሁም።

«እማማ፣ እርስዎ እኮ በባልዎ ስር ነዎት።»

«የቤቱን ጭቃ ያቦካሁት እኔ ነኝ።»

«ጭቃ ማቡካት አይመዘገብም። ባልዎ ከፈረመ ግን የሁለታችሁም ስም ይገባል።»

ማንበብ ተምሬ አለመኖሬን በገዛ ዓይኔ አረጋገጥሁ።

ጥቅምት 14
ሀምዱ መጣ። ሁለታችንም እንጻፍ አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ነው የሚለው፤ እሱ ደግሞ እዚህም ኮምቦልቻም በስሙ ይዟል። እስካሁን ሁለቱ ቀበሌዎች አልተጠያየቁም ነበር። አሁን ሊጠያየቁ ነው።

«በወረቀት ብቻ ልፍታሽ። ይሄኛው በስምሽ ይሁን፣ ያኛው በስሜ።»

«ሰብሪያን ለምን አትፈታም?»

«እሷ ልጅ ናት፣ ታለቅሳለች።»

እኔ አላለቅስም ማለት ነው? ወጥ ጨመርኩለት። ጭልፋውን አለመወርወሬ እስካሁን ይገርመኛል።

ጥቅምት 22
ቃዲው ዘንድ ሄድን። ለፍችዋ አዲስ ሻሽ ያሰረች ሴት ከኔ ሌላ ትኖር ይሆን?

ሀምዱ «ፈትቻታለሁ» አለ። ሸህ አብዱልሰላም መነጽራቸውን አወለቁ።

«አስበህበታል?»

«ለቀበሌ ነው እኮ፣ ሸሁ።»

«የቀበሌ ጦላቅ የሚባል የለም። ካልከው አልከው።»

ሀምዱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሸሁ አልሳቁም።

ጥቅምት 27
ቤቱ በስሜ ገባ። ከሪማ የሱፍ። ፊደል በፊደል አነበብኩት። ሰልፈኛው «እማማ፣ ሌላም ሰው አለ!» እስኪለኝ። የፈለግሁት የሁለታችንን ስም ነበር፣ የኔ ብቻ ተሰጠኝ። አሁን ደግሞ ምን ብዬ ላማርር?

ጥር 25
ዒዳዬ፣ የተፈታች ሴት የምትቆየው ሦስት ወር፣ አለቀ። ሦስቱን ወር ሙሉ ምስክር ጠርቶ «መልሻታለሁ» ቢል ይበቃው ነበር። ቀበሌ ይሰማል ብሎ ፈርቶ ኮምቦልቻ ተቀመጠ። ዛሬ የሚታጠብ ልብሱን ቋጥሮ ከች አለ።

«ባዳ ነህ» አልኩት ከበር። «ያለ አዲስ ኒካህ አትገባም። ሸሁን ጠይቅ።»

«አበድሽ? ሠላሳ ዓመት!»

«ያልከው አንተ ነህ።»

ቋጠሮውን ይዞ ተመለሰ። በመስኮት አየሁት፣ ዳገቱን እያነከሰ... ልብሱን ብቻ እንኳ ብቀበለው ምን ነበረበት? ወላሂ፣ እኔን የመሰለ ሞኝ የለም።

የካቲት 3
ሽማግሌ ላከ። በዚህ ዕድሜዬ ታጨሁ! ጎረቤቴ መዲና «እቴ፣ እንሶስላ ልሙቅልሽ?» እያለች ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝ።

ሽማግሌዎቹ መህሩ፣ ጥሎሹ ምን ይሁን አሉኝ።

«ስሙ ከስሜ ጎን ይግባ። ቤቱ የሁለታችን ይሁን። ሌላ አልፈልግም።»

ሀምዱ አንገቱን ደፋ። «እንዲያ ከሆነ አንድ ቤተሰብ ሆንን። የኮምቦልቻው ይወሰዳል። ሰብሪያ ከነልጆቿ የት ትግባ?»

ስንት ዓመት ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ኖርኩ! መልሱም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጎዳና ትግባ... አልወጣልኝም።

«ይቅር» አልኩ። «ስሙም ይቅር፣ ኒካሁም ይቅር።»

ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ደግ ሴት አሉኝ። ደግ! ለሰብሪያ ልጆች አዝኛለሁ፣ አልዋሽም። ግን ያ መዝገብ እንደገና ሲከፈት፣ ስሜ በስህተት ቢሰረዝስ ብዬም ፈርቻለሁ። የትኛው ይበልጥ ነበር? እንጃ።

የካቲት 10
የሁለት ሰው ምሳ ሠራሁ፤ እጄ መፈታቱን ገና አልሰማም። ብቻዬን በላሁት። በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩና በጠራራ ፀሐይ አልጋው መሃል ላይ ተዘረርኩ። የሚገፋኝ የለም፣ ብርድ ልብስ የሚጎትትብኝም የለም። የራሴ ቤት!

እግሬን በረደኝ። ተነስቼ ካልሲ ፈልጌ አጠለቅሁ።

የሱ ነው።